ስሜ የሌለበት ክስ

በቤተ ክርስቲያን «ወንድም» የምንላቸው ሆሊስ ያንሲ ለአውራጃችን ፍርድ ቤት ያስገቡት ክስ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ኔልዳ ፈር፣ ዕድሜ ሰባ ሁለት፣ በፌብሩዋሪ ወር በሁለተኛው ሐሙስ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር በመኪና አሳፍረው፣ የአውራጃውን መንገድ ይዘው ወደ ምዕራብ በመንዳት ከቴክሳስ አውጥተዋታል። የወሰዷት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፅንሱን እንድታስወርድ ነው። ይህንንም ያደረጉት እያወቁ ነው።»

እትዬ ኔልዳ የሰጡት መልስ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ሄጃለሁ። የሄድኩት ጨርቅ ልገዛ ነው። ስድስት ያርድ ሰማያዊና ሦስት ያርድ ቢጫ ገዝቼ በማግስቱ ተመልሻለሁ። ጨርቁ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይለካው።»

ሁለቱ ወረቀቶች በሰዓቱ ይስማማሉ፤ በመንገዱም ይስማማሉ። በመኪናዋም ይስማማሉ፤ ግራጫ፣ ባለ አራት በር፣ የኋላ መብራቷ በቀይ ፕላስተር የተለጠፈ። የማን መኪና እንደሆነች ግን ከሁለቱ አንዱም አይናገርም። የኔ ናት። ነዳጅ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ እህቴ ሬሊን ናት። ክሱ ሰባት ገጽ ነው። ሰባቱንም ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሬት ስቶቫል የሚለው ስሜ የትም የለበትም።

ፅንስ ማስወረድ በቴክሳስ የተከለከለ፣ በኒው ሜክሲኮ የተፈቀደ ነው። ባለፈው መኸር የአውራጃችን ምክር ቤት አንድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ፅንስ ለማስወረድ ድንበር የምትሻገርን ሴት በአውራጃው መንገድ የወሰደን ሰው፣ ወይም የረዳውን፣ ማንም ነዋሪ ገንዘብ ያስከፍልልኝ ብሎ ሊከሰው ይችላል። ሴትየዋ ራሷ አትከሰስም። ፖሊስም አይመጣም። የሚከስህ እሑድ እሑድ ካንተ ጋር ከአንድ መጽሐፍ የሚዘምረው ሰው ነው። ደንቡ ሲጸድቅ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ አልተቃወምኩምም። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ማንኛውንም ነገር ከሁለት ወገን ማየት እወዳለሁ። ይህን ጠባዬን ለብዙ ጊዜ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ሬሊን በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ሁለተኛዋን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በሄሊኮፕተር ነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰዷት። ስትተርፍ ሐኪሟ «ሦስተኛ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ብሏት ነበር። በጃንዋሪ ግን፣ እየተጠነቀቀችም፣ አረገዘች። እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስትመለስ በትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ አገኘችኝ።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ስለ ዝናብ አወራኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ዝናብ። ዘንድሮ ድርቅ ነው አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ‹ሬሊን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም ልልሽ አልችልም። እኔ አንቺን ብሆን ግን ዘመድ ጥየቃ እሄድ ነበር› አለኝ። ‹ዘመዶቼ በሙሉ እዚሁ ናቸው› አልኩት። ‹የለም፣ ሌሎች ዘመዶች አሉሽ› ብሎ ግድግዳውን አሳየኝ።»

«የትኛውን ግድግዳ?»

«የምዕራቡን፣ አንተ ጅል!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና «ሐሙስ ትወስደኛለህ?» አለችኝ።

ባሏ ደስቲን ነዳጅ ቁፋሮ ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ነገሩን ያውቃል። ጥዬ ልምጣ ቢላት የከለከለችው እሷ ናት፤ ሥራው ከሄደ የቤተሰቡ የሕክምና ዋስትና አብሮ ይሄዳል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ሐሙስ እኮ ፈተና አለብኝ» አልኳት።

ውሸት አልነበረም፤ ፈተና ነበር። ግን ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ሰኞ ማዛወር እችል ነበር። እሷም ታውቃለች። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ወንድም ሆሊስ እንደሆኑም ታውቃለች፤ የኮሌጅ ወጪዬን አራት ዓመት የሸፈነልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ድጎማ በሳቸው እጅ እንዳለፈም ታውቃለች። ፊቴን አይታ «እሺ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ኔልዳ የሬሊን ጎረቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የአውራጃውን ልጆች ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት አውቶቡስ አመላልሰዋል፤ እኔንም፣ እህቴንም፣ የወንድም ሆሊስን ልጅ ሊዲያንም። ሁሉም ሰው ባፕቲስት በሆነበት ከተማ ሜቶዲስት ናቸው፤ ይህ ራሱ እንደ መጠነኛ አመል ይቆጠርባቸዋል። ሬሊን አልነገረቻቸውም፤ አጥር ላይ ስታስመልስ አይተው ራሳቸው ደረሱበት። «ማን ይወስድሻል?» ብለው ጠየቋት፤ ዝም ስትል «በቃ፣ እኔ ነኛ» አሉ።

የሳቸው ፒክአፕ ጎማዎች አልቀው ስለነበር ማክሰኞ ማታ መኪናዬን ወስጄ ሰጠኋቸው። በረንዳቸው ላይ ቆመው ቁልፉን ተቀበሉኝ።

«አንተ ትነዳለህ ብዬ ነበር» አሉ።

«ፈተና አለብኝ፣ እትዬ ኔልዳ።»

«የተማሪዎቹ ነው ያንተ?»

መልሴን አልጠበቁም። «ነዳጅ አላት?» አሉ።

«ሞልቻታለሁ።»

«እንግዲህ ነዳጅ መሙላትም ወንድምነት ነው» ብለው በሩን ዘጉ። ሲያሾፉብኝ ይሁን ሲያጽናኑኝ እስካሁን አልገባኝም።

* * *

አሁን ወደ ረቡዕ ማታ መምጣት አለብኝ።

ረቡዕ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን ራት አለ፤ ያን ቀን ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ነበር። ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ወይዘሮ ኦፓል ሪድ ነጩ ሰሌዳ አጠገብ ይቆማሉ፤ የጸሎት ርእስ ያለው እጁን እያወጣ ይናገራል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። የእንትና ጉልበት ቀዶ ጥገና። ወደ ውትድርና የሄደው የእንትና ልጅ። መናገር የማይፈልግ ሰው «ያልተነገረ አለኝ» ብሎ ብቻ እጁን ያወጣል፤ «ያልተነገረ» ተብሎ ይጻፍለታል፤ ማንም ምንድን ነው ብሎ አይጠይቀውም። ነውር ነው። መንገደኛ ያለው ደግሞ የመንገደኛውን ስምና የሚሄድበትን ተናግሮ የመንገድ ምሕረት ይለምናል። በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ኦፓል ሰሌዳውን ገልብጠው በመቶ አርባ ሰው ስልክ ይልኩታል።

ያን ማታ ሬዲዮው ሌሊቱን ከምዕራብ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እንደሚመጣ ተናግሯል። ራት ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ሁሉ የመኪናዬን ጎማ ነበር። የኋላዎቹ ጥሩ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን ያን ያህል አይደሉም። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በጨለማ፣ በበረዶ፣ እህቴን ይዘው። እኔ መሆን የነበረብኝ ቦታ ላይ። እጄን አወጣሁ።

«አዎ፣ ጋሬት» አሉ ወይዘሮ ኦፓል።

«ያልተነገረ» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ግን እግዚአብሔር መንገዱ ይጠፋበት ይመስል «የመንገድ ምሕረት ለእህቴ ለሬሊንና ለእትዬ ኔልዳ። ነገ ሳይነጋ በኔ መኪና ወደ አልበከርኪ ይሄዳሉ» አልኩ።

ወይዘሮ ኦፓል ጻፉት። ጠመኔው ሰሌዳ ላይ ሲፋጭ ይሰማኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ በማርከር ነው የሚጽፉት፤ ድምፅ የለውም። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት ብቻ ዞር ብለው አዩኝና መልሰው ዞሩ። ወንድም ሆሊስ ጸሎቱን መሩ። ለጉልበቱም፣ ለወታደሩም፣ ለእህቴም ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ መንኮራኩራቸውን ጠብቅ» አሉ። ከልባቸው ነበር፤ አውቃለሁ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ። ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ሌሊት በደንብ ተኛሁ፤ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ይኼ እንቅልፍ ነው።

ሬሊን በበጎ ሄዳ በበጎ ተመለሰች። ዝናቡም አልመጣም። ከዚያ ሰው መደመር ጀመረ። በእሑድ የሕፃናት ክፍል ተረኛ ሆና ስታስመልስ ያያት አለ። ሐኪሙ ቤት ስትገባ ያያት አለ። አሁን ደግሞ ሳይነጋ ወደ አልበከርኪ። ለሒሳብ አስተማሪ የማይከብድ ድምር ነው፤ ለማንም አይከብድም። በሦስተኛው ሳምንት የፍርድ ቤት መልእክተኛ የእትዬ ኔልዳን በር አንኳኳ።

ለሬሊን ራሴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር። የታጠፈውን ፎጣ ደግማ አጠፈችው።

«እንዲጸልዩልኝ ብለህ ነው የተናገርከው?»

«በረዶው አስፈርቶኝ ነው።»

«ጋሬት፣ መቶ አርባ ዘበኛ ነው መንገድ ላይ ያቆምክብኝ!» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ልጆቹ ቀጣዩ ክፍል ነበሩ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ፍርድ ቤት ከጠሩህ ስለ እኔ፣ ስለ ሆዴ፣ አንዲት ቃል እንዳትናገር። ልጆቼ በዚህ ከተማ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት።»

«አልናገርም።»

«ይህን ደግሞ ለኦፓል እንዳትነግራት» አለችኝ። አልሳቀችም።

እትዬ ኔልዳ ዘንድ ስሄድ ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ብርድ ልብስ እየገጣጠሙ ነበር። ቆሜ፣ ባርኔጣዬን ይዤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናዘዝኩላቸው።

«ጨረስክ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ።»

«አውቄዋለሁ። ዝርዝሩ ለኔም ደርሶኛል። የኦፓል ስልክ ሜቶዲስት ነሽ ብሎ አይዘለኝም።»

«መቼ ነው የደረስዎ?»

«ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ። ኒው ሜክሲኮ ገብተን ነዳጅ ማደያ ቆመን፣ ሬሊን ሽንት ቤት ገብታ። ስሜን አነበብኩት። ለጤናዬ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር፤ ከዚያ የቀረውን አነበብኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሱም?»

መርፌያቸውን አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ጭኜ ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሼ አላውቅም። ለሷም አልነገርኳትም። በዚያ ቀን የሚበቃትን ያህል ጭንቀት ነበራት።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ቢጫውን ጨርቅ ከጠረጴዛው ራቅ አደረጉት፤ እንባ ሳይሆን ባርኔጣዬ ላይ ያለው አቧራ እንዳይነካው ይመስለኛል።

«አሁን ስማ» አሉ። «ሲጠይቁህ ‹አላውቅም› በል። በዚህ አውራጃ ግማሹ ሰው ምንም ሳያውቅ ነው የሚኖረው፤ አንተም ትኖራለህ። ሌላ ማስረጃ የላቸውም። ጨርቄን ይለኩ።»

«መሐላ አለበት እኮ።»

«አዎ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው» አሉና መርፌያቸውን አነሡ።

* * *

ወንድም ሆሊስ የጥጥ መዝሪያ ማሽናቸውን ግሪስ ሲቀቡ አገኘኋቸው። እንድመጣ ያስጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝና የተገለበጠ ባልዲ አሳዩኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ስምህ ክሱ ላይ የለም፤ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ ወንድም ሆሊስ።»

«ጠበቃው ሊያስገባህ ፈልጎ ነበር። መኪናዋ ያንተ መሆኗን ያውቃል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አንተ ወጣት ነህ፤ ለእህትህ ብለህ ነው። እኔ ያስተማርኩትን ልጅ አልከስም።»

«ከሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ የምከሰሰው» አልኩ።

«ኔልዳ አዋቂ ናት። እያወቀች ያደረገችው ነው። ደንቡ አንድ ሰው ላይ ካልዋለ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።» እጃቸውን ደግመው ጠረጉ። «እኔን ክፉ ሰው አድርገው እንደሚያወሩኝ አውቃለሁ። ሊዲያ ከየት እንደመጣች ታውቃለህ?»

እንደ ልጅ ወስደው እንዳሳደጓት አውቅ ነበር። ከዚያ በላይ አላውቅም።

«እናቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሊያስወርዷት ቀን ተይዞላት ነበር። ሊወስዳት የነበረው ሰው ሳይመጣ ቀረ። መኪናው ተበላሽቶ ነው። ዛሬ እሑድ እሑድ ፒያኖ የምትመታው ልጄ እዚህ ያለችው አንድ መኪና አልነሣ ስላለ ነው። ሊዲያን ባየሁ ቁጥር ያቺ መኪና ትዝ ትለኛለች። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ሌላ መኪና ሲነሣ እያየሁ ዝም ልበል?»

ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ማስመሰል አልነበረም፤ እኚህን ሰው ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የምመልሰውን ፈለግሁ፤ ስለ ሬሊን ደም ልነግራቸው ቃጣኝ። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያም ባይሆን፣ እህቴ ለመሻገር የምትሰጠው ምክንያት በቂ ነው አይደለም ብሎ የሚመዝን ዳኛ ሆነው እንዲቀመጡ በእጄ ወንበር መስጠት መሰለኝ።

«እናቷ ምን ሆነች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን?»

«የሊዲያ እናት።»

ወደ ማሽኑ ዞሩ። «አላውቅም» አሉ። «ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ ግሪሱን አነሡ። «ማክሰኞ ለምስክርነት ስትቀርብ እውነቱን ብቻ ተናገር፣ ልጄ። ለምን እንደሄደች ሲጠይቅህ እውነቱን መልስ። ሥራህም፣ ስምህም እንዳለ ይቆያል። ቃል እገባልሃለሁ።»

የእትዬ ኔልዳ ጠበቃ ከከተማ የመጣች ኦርቴጋ የምትባል ሴት ናት። ከምስክርነቱ በፊት በነበረው ምሽት በስልክ አስረዳችኝ። አራት መንገድ አለህ አለችኝና ከዚያ ሦስት ነው ብላ አረመች።

«‹አላውቅም› ካልክ በሐሰት ምለሃል፤ ይህን እንድታደርግ አልመክርህም፤ የደንበኛዬ ምክር ቢሆንም እንኳ። አዎ፣ ነግራኛለች። እውነቱን በሙሉ ከተናገርክ ይረቱናል፤ ኔልዳ ለመቃብሯ ካስቀመጠችው ጀምሮ ያላት ሁሉ ይሄዳል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ለምን ሄደች ለሚለው ጥያቄ አልመልስም ትላለህ። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው መሻገር የማንኛውም አሜሪካዊ መብት ነው፤ ድንበር ላይ ቆሞ ‹ምን ልታደርጊ ነው?› ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ደግሞ አውራጃው የለውም። እኔ በበላይ ፍርድ ቤት የምከራከረው ይህንኑ ነው፤ እረታለሁም ብዬ አምናለሁ። ግን ዓመት ይፈጃል፤ ሁለትም። እስከዚያ የዚህ አውራጃ ዳኛ ‹መልስ› ብሎ ሊያዝህ ይችላል፤ እምቢ ካልክ ሊያስርህ ይችላል። ሥራህንም እኔ ላድንልህ አልችልም።»

«የቱን ትመክሪኛለሽ?»

«ያንተ ጠበቃ አይደለሁም፣ ጋሬት» አለች ቀስ ብላ። «ስምህ እኮ ክሱ ላይ የለም።»

* * *

ቃሌን የሰጠሁት ከችሎቱ በፊት፣ ዳኛ በሌለበት፣ በፍርድ ቤቱ የላይኛው ፎቅ፣ የድሮ የመሬት ካርታዎች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ረጅም ጠረጴዛ አለ። በአንደኛው ጫፍ የሚባለውን ሁሉ የምትጽፈው ሴት ማሽኗን ዘርግታለች። በአንድ ወገን ወንድም ሆሊስና ጠበቃቸው አቶ ኮትስ፤ በሌላው እትዬ ኔልዳና ኦርቴጋ። እትዬ ኔልዳ የቀብር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ከረሜላ አውጥተው ለምትጽፈው ሴት አቀበሏት፤ እሷንም በአውቶቡስ አመላልሰዋታል። ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ።

አቶ ኮትስ ሰው የሚያጣድፍ አይደለም። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ረቡዕ ማታ ያልኩትን ከወይዘሮ ኦፓል ዝርዝር ላይ አነበበልኝና «ይህን ብለሃል?» አለኝ። ብያለሁ አልኩ።

«እንግዲህ እህትህና ወይዘሮ ፈር በዚያ ሌሊት አብረው መሄዳቸውን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ወይዘሮ ፈር እህትህን ወደ አልበከርኪ የወሰዷት ለምን ነበር?»

እትዬ ኔልዳ የጠረጴዛውን እንጨት እያዩ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ‹አላውቅም› በል ነው። ወንድም ሆሊስ በቀጥታ እኔን ያያሉ፤ እንደ አባት፣ ልጁ ጥቅስ በቃሉ ሲያወርድ እንደሚያይ አባት። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለቱም ሊያድኑኝ እየጣሩ እንደሆነ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ለኔ ያልደከመ ሰው አልነበረም። እህቴ ግን መኪና ማቆሚያ ላይ «ሐሙስ ትወስደኛለህ?» ስትለኝ ለሷ የደከመ ወንድም አልነበራትም።

«አቶ ስቶቫል?» አለ አቶ ኮትስ። «ጥያቄውን ልድገመው?»

«አያስፈልግም፤ ሰምቼዋለሁ።» ውኃ ጠጣሁ። «መጀመሪያ ያልጠየቁኝን ልናገር። እህቴ እንድወስዳት የለመነችው እኔን ነው። እምቢ አልኩ። ምክንያቴ ፈተና አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። እትዬ ኔልዳ የሄዱት በኔ ፈንታ ነው። መኪናዋ የኔ ናት፤ ነዳጁን የሞላሁት፣ ቁልፉን በእጃቸው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሬት!» አሉ ወንድም ሆሊስ።

አቶ ኮትስ እጁን በክንዳቸው ላይ አደረገ። «ይቀጥል። ለምን ነበር የሄደችው?»

«ድንበር ማዶ ጉዳይ ነበራት።»

«ምን ጉዳይ?»

የምትጽፈው ሴት ጣቶቿን ማሽኑ ላይ አንጠልጥላ ጠበቀችኝ። ከረሜላው ጉንጯ ውስጥ ነበር። ከኋላዋ ካርታው ላይ የቴክሳስ ድንበር ቀጥ ብሎ፣ በማስመሪያ እንደተሰመረ፣ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል።

«አንተ ልጅ፣ ተው» አሉ እትዬ ኔልዳ፣ አሁን ጮክ ብለው። «ተው ብዬሃለሁ! እኔ አርጅቻለሁ።»

«ወይዘሮ ፈር፣ እባክዎ» አለች ኦርቴጋ።

«ግድ የለም፣ እትዬ ኔልዳ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ አቶ ኮትስ ዞርኩ። «ጉዳዩን አውቀዋለሁ፤ አላውቅም ብዬ አልምልም። ግን አልነግርዎትም፤ ዛሬም፣ ዳኛው ቢያዙኝም። አንዲት ሴት በመንገዱ ለምን እንደሄደች ለመጠየቅ እርስዎ ሥልጣን የለዎትም፤ ለመመለስም እኔ ሥልጣን የለኝም። የራሴን ግን ተናግሬያለሁ። እሳቸው የሚከሰሱ ከሆነ እኔም እከሰሳለሁ፤ ስሜን ከስማቸው በላይ ጻፉት።»